ጋሽ ኑሩና ባለ ሦስት እግሩ ነሐስ

ጋሽ ኑሩ ሐሙስ ዕለት ሞተው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጃቸው ዘሃራ ለሰዉ ሁሉ ስትደውል የኔ ቁጥር የነበረው በአሮጌው ስልኳ ላይ ስለሆነ አላገኘችኝም። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ፣ ለቅሶው ቤት ስደርስ የሴቶቹ ክፍል ሞልቶ ነበር። አንዷ የእናቷን የተሰበረ አምባር እንዴት አድርገው እንደበየዱላት ትናገራለች። ሌላዋ በረዶ በጣለ ቁጥር የግራ ቀኙን ጎረቤት ደጅ ሁሉ ይጠርጉ እንደነበር ታወራለች። እኔም የምናገረው ነበረኝ። ግን የኔ ታሪክ እኔንም እሳቸውንም የሚያሳማ ስለሆነ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልናገር ተነሥቼ ወጣሁ።

ጋሽ ኑሩ ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ጠይቀውኝ ከልክያቸዋለሁ። "አፉ በይኝ" ነበር ያሉኝ። ሙስሊሞች ለሐጅ ሲነሡ ወይም ሞት የቀረበ ሲመስላቸው፣ የበደሉትን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁበት ቃል ነው። ያን ቃል ለምን እንደከለከልኳቸው ለመናገር ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ። ባሌ ግርማ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ በቀን አንድ ገጽ ከሞላልኝ ብዙ ነው።

የተዋወቅነው ዴንቨር ውስጥ በአንድ የሐራጅ ቤት አብረን ስንሠራ ነው። ሰው ሲሞት፣ ወይም ቤቱን ትቶ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገባ፣ ልጆቹ ዕቃውን ወደኛ ይልካሉ። ከፓርክ ሂል፣ ከሌክውድ፣ ከእንግልውድ ሰፈሮች በየቀኑ ካርቶን ይመጣል። ካርቶኑን ፈትቼ፣ ዕቃውን አራግፌና አጥቤ፣ ቁጥር ለጥፌበት ፎቶ ወደሚነሣበት ክፍል የማሳልፈው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ኑሩ የመዳቡንና የነሐሱን ዕቃ ይጠግናሉ። ሥራ የገባሁ ዕለት የቤቱ ባለቤት ሊንዳ ወደ ጠረጴዛቸው ወስዳኝ፣ "ሁለታችሁ ከአንድ አገር ናችሁ" ብላ ትታኝ ሄደች።

ጋሽ ኑሩ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ "ከየት ነሽ?" አሉኝ።

"ከአዲስ አበባ።"

"አዲስ አበባ ሰፊ ነው። ከየት?"

"ከጉለሌ።"

"እኔ የመርካቶ ነኝ። እንግዲህ ሊንዳ ተሳስታለች፤ ከአንድ አገር አይደለንም።"

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። የተሰበረ ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ አያዩትም። መነጽሩን አውልቀው በእጃቸው ይዳብሱታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው በጥፍራቸው ቀስ እያደረጉ ያንኳኩታል። ድምፁን ሰምተው ስንጥቁ የት እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ማን እንደበየደው፣ አበያየዱ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይናገራሉ። አንድ ቀን "ሐኪም ይመስላሉ" ብላቸው፣ "ሐኪም ብሆን ኖሮ ቀጠሮ ሰጥቼ እመልሰው ነበር" አሉኝ።

አባታቸው መርካቶ ውስጥ ነሐስ አቅላጭ ነበሩ። ያረጀ ሰሃን፣ የተሰነጠቀ ደወል፣ የድሮ አልጋ ራስጌ፣ ያገኙትን ሁሉ እሳት ውስጥ ከተው የበር እጀታና ቧንቧ ያወጡበታል። "አባቴ ምን ያህል ዕቃ እንዳቀለጠ አላህ ነው የሚያውቀው" ይሉ ነበር። "ክብደቱን ይጠይቃል እንጂ ማን እንደሠራው ጠይቆ አያውቅም። እኔ እዚህ ተቀምጬ የሱን እሳት እያጠፋሁ ነው።"

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የቻይና ነሐስ ነበር። ሀብታሞች የሚሻሙበት የቻይና ነሐስ የሦስት ሺህ ዓመቱ ነው፤ ነገሥታቱ ለሞቱ አባቶቻቸው እህልና መጠጥ ያቀርቡበት የነበረው። ወደኛ የሚመጣው ያ አይደለም። ወደኛ የሚመጣው የኋለኛው ነው፤ አምስት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አንዳንዱም መቶ ዓመት ብቻ የሆነው። የዕጣን ማጨሻ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የሻማ መቅረዝ፣ ጸሐፊ ቀለሙን ሲበጠብጥ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ትንሽ ዕቃ። ቅርጹ የጥንቱን ይከተላል፤ ሆዱ ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ የአውሬ ፊት አለ። ከግርጌው የአንድ ንጉሥ ዘመን በስድስት የቻይና ፊደል ተጽፎበታል። ንጉሡ ግን ዕቃው ከመሠራቱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሊንዳ ዝርዝሩ ላይ "ሪፕሮዳክሽን"፣ ማለትም ቅጂ፣ ብላ ትጽፍና ከመብራትና ከወንበር ጋር አንድ ላይ ታወጣዋለች።

ይህ ቃል ጋሽ ኑሩን ያናድዳቸው ነበር። "አያቱን የመሰለ ልጅ ሪፕሮዳክሽን ይባላል?" ይላሉ።

"ታዲያ የሞተ ንጉሥ ስም ለምን ይጽፉበታል?" አልኳቸው አንድ ቀን። "ማታለል አይደለም?"

"የክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

"ወለተ ማርያም።"

"ማርያም ናት የወለደችሽ?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። "ሠሪውም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል" አሉ። "በዚያ ንጉሥ ዘመን የተሠራው ነሐስ አምሮ ስለነበር፣ 'የዚያ ልጅ ነኝ' ማለቱ ነው። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ውሸት አይባልም። ውሸታሙ አዲሱን ዕቃ አሲድ አፍስሶበት፣ አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ አረንጓዴ ሲሆን አውጥቶ የጥንት ነው የሚለው ነው። እሱን በሙቅ ውሃ አጥበሽ አጋልጪው፤ አልቆጣሽም።"

ሌላውን ግን ሳልጠይቃቸው እንዳልነካ ከልክለውኛል። እኔ የነሐስ ዕቃ ሲባል ለበዓል በሎሚና በአመድ ታሽቶ እንደ ወርቅ ሲያበራ ነው የማውቀው። እሳቸው የሚወዱት ያላበራውን ነው፤ የሻይ መልክ፣ የተምር መልክ፣ የበሰለ ደበርጃን ልጣጭ የሚመስለውን። "ይኼ እድፍ አይደለም፣ ወዝ ነው" ይላሉ። ቻይናዎቹ ጥሩ ማጨሻ ሲያገኙ ፍም ሳያጠፉበት ዓመት ከዓመት ያሞቁት እንደነበር፣ ሲሞቅም በመዳፋቸው ያሹት እንደነበር ከቤተ መጻሕፍት በተዋሱት መጽሐፍ አንብበዋል። "እሳትና የሰው እጅ ነው ይህን መልክ ያመጣው። አንቺ በአንድ ጠዋት በጨርቅ ልትወስጂው ነው?" ጣቴን ይዘው በአበባ ማስቀመጫው አንገት ላይ ያስኬዱታል። ከጸጉር የቀጠነ የብር ክር በነሐሱ ውስጥ ተቀብሮ ደመና ሠርቷል፤ ዓይን ያየዋል፣ ጣት ግን ክሩ የት እንደጀመረ አያገኘውም። "አሁን ይኼን የሠራው ሰው ከጥንቱ የሚያንሰው በምኑ ነው?" ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ሊንዳ "የአበባ ጌጥ ያለው" ብላ የመዘገበችው ማጨሻ መጣ። ጋሽ ኑሩ ገና አንሥተው ዞር ሲያደርጉት ቆም አሉ። ዕቃውን ቀስ ብለው አስቀምጠው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ሲመለሱ አበባ የተባለውን ከቀኝ ወደ ግራ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ቻይና ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሙስሊሞች አሉ፤ ለነሱ የተሠራ ነው። ሥሩ ላይ የቻይና ንጉሥ ዘመን አለ፣ ሆዱ ላይ የአረብኛው ምስጋና።

"ቻይና ድረስ ደርሳችኋል ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እናንተ ጉለሌ ሳትደርሱ" አሉኝ።

ሊንዳ ዝርዝሩን አረመች። የዚያን ቀን ጋሽ ኑሩ ምሳቸውን አልበሉም፤ ማጨሻውን ከጎናቸው አድርገው ነው የዋሉት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከሌክውድ የአንዲት ቻይናዊት አሮጊት ቤት ዕቃ መጣ። ሚስስ ፋንግ ይባላሉ። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ልጃቸው ቤቱን ሙሉ አሽጎ ላከው። አንዱ ካርቶን ውስጥ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ማጨሻ አገኘሁ። ትልቅ ሽሮ ድስት ያህላል፤ እስከ አፉ አመድ ሞልቶታል፤ በአመዱ ላይ ተቃጥለው ያለቁ የዕጣን እንጨቶች ቀይ ጉቶ ቆሟል።

ግርማ በዚያ ጊዜ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እንግልውድ ዲያሊሲስ ይሄድ ነበር። ሰው በበሽተኛ ቤት ሲኖር ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። ይህን ነገር ሳየው ለሙታን መንፈስ የሚታጠንበት ነው ብዬ ፈራሁ። በእጄ ነክቼው፣ በልብሴ ይዤው፣ ወደ ባሌ የምገባ መሰለኝ። አመዱን ወስጄ ውጪ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋሁ፤ ማጨሻውን በውሃ አለቀለቅኩ፤ በመጨረሻም ለግርማ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከያዝኩት ጸበል ረጨሁበት።

ጋሽ ኑሩ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። "ክርስትና እያነሣሽው ነው?" አሉ። "ስሙን ማን አልሽው?"

አፍሬ ጸበሉን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ጠጋ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። "አመዱስ?"

"ደፋሁት።"

"የእናንተ ዲያቆን የጽናውን አመድ የት ነው የሚደፋው?"

"ሰው በማይረግጥበት ቦታ።"

"እህ" አሉ። ወጥተው አይተው ተመለሱ፤ የቆሻሻው መኪና ወስዶታል። ማጨሻውን ወደ ጠረጴዛቸው ወስደው እንደ ልማዳቸው ዳብሰው፣ አንኳኩተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ መለሱልኝ።

በሦስተኛው ቀን የሚስስ ፋንግ ልጅ ደወለ። ሊንዳ ሁላችንም እየሰማን ነው ያነጋገረችው። ማጨሻው በስሕተት ነው የመጣው፤ እናቱ ምግብ እምቢ ብለዋል፤ ነገ ጠዋት ይዟቸው ይመጣል። ከዚያ፣ "እናቴ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመዱ ውስጡ አለ ወይ?" አለ።

"እንደመጣ ነው ያለው" አለች ሊንዳ።

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ክፉ ሴት አይደለችም። ዲያሊሲሱን ታውቃለች፤ ግርማ በታመመ ቁጥር ስቀር ታግሣኛለች። "ከቤቴ የእንጨት ማንደጃ አመድ አመጣለሁ፣ ነገ ጠዋት ትሞይዋለሽ" አለችኝ። "አሮጊት ናት። እውነቱን ነግረን ለምን እናሳዝናታለን? ከዚህ ቤተሰብ ደግሞ ገና ብዙ ዕቃ ይመጣል።"

ጋሽ ኑሩ መዶሻቸውን አስቀመጡ። "እኔ እጄን አላስገባም" አሏት። እሷም "አንተን አልጠየቅኩም" አለች።

ብቻችንን ስንቀር ነገር ፈለግኳቸው። "የሞተ ንጉሥ ስም ውሸት አይደለም ብለውኝ የለም? ይኼ በምን ይለያል?"

"ሴትዮዋ ያውቃሉ ወይ?"

"አያውቁም።"

"ካወቁ ሙዪላቸው" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "አትሙዪ አልልሽም፣ አስቴር። ቤትሽ በሽተኛ አለ። ከዚህ ሥራ ከወጣሽ የባልሽ የሕክምና ኢንሹራንስም እንደሚቋረጥ አውቃለሁ" አሉኝ።

በማግስቱ ሞላሁት። የእንጨቱ አመድ ከሰል ስለነበረበት በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ጉቶዎቹን ሳይቀር ሰካሁበት፤ ካርቶኑ ውስጥ የወዳደቁ አግኝቼ።

ሚስስ ፋንግ ዎከራቸውን፣ ባለ አራት እግሩን ምርኩዝ፣ እየገፉ ገቡ። ትንሽ፣ ንጹሕ ሴት ናቸው፤ ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ማጨሻውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ሁለት ጣታቸውን አመዱ ውስጥ ከተው አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ "በጣም ንጹሕ አድርጋችሁ ይዛችሁልኛል፤ አመሰግናለሁ" አሉ። ሊንዳን አመሰገኑ፤ ወደ እኔም ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጃቸው ፈርሞ ካርቶኑን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

"አስቴር" አሉ ጋሽ ኑሩ በአማርኛ። "አውቀዋል። ዝም ያሉት አንቺን ላለማሳፈር ነው።"

ይህን ዓይነት ይሉኝታ እኔ ያደግኩበት ነው። ሌላ አገር የለም ብዬ ነበር የማስበው። ሴትዮዋን ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ከኔ ላይ ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ፤ እንዳልቸገር። ያኔ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። "ይኼ የእርስዎ አመድ አይደለም" አልኳቸው። "የእርስዎን እኔ ጥዬዋለሁ። ባሌ ታሞብኝ ነበር፤ ማጨሻውን ፈራሁት።"

ሊንዳ ክፍሉን ለቅቃ ወጣች። ልጅየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ጠበቃ ተናገረ። ሚስስ ፋንግ በእጃቸው ዝም አሰኙት። "የዕጣን አመድ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል" አሉኝ። "ይኼ የእንጨት ነው። ባልሽን ምኑን ነው ያመመው?"

"ኩላሊቱን።"

"የኔም በኩላሊት ነው የሞተው" አሉ።

ጋሽ ኑሩ ከተቀመጡበት ተነሥተው ፈቃድ ጠየቁ። የሞላሁትን አመድ ገለበጡ። ማጨሻውን ፎጣ ላይ ደፍተው ሦስቱን እግሮች በየተራ አንኳኩ። ሁለቱ ጮኹ፤ አንዱ አልጮኸም። እግሮቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ አንደኛው እግር ውስጥ አመድ ተጠቅጥቆ ደርቋል፤ ያለቀለቅኩት ውሃም አላወጣውም። በተቆለመመ ሽቦ እየፈለፈሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠሩ። ነጭ ወረቀት ላይ የወጣው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሞላ ነው።

"ይበቃል?" አሏቸው ጋሽ ኑሩ።

ሚስስ ፋንግ ወረቀቱን ራሳቸው አጠፉት። ባል ሲያገቡ አማታቸው ከራሳቸው ማጨሻ በመሐረብ ቋጥረው የሰጧቸው አመድ ይህን ያህል እንደነበር ነገሩን። በዚያ ላይ ነው ዓመት ከዓመት እያጠኑ የሞላው። "እኔ እንግዲህ መሙላቱን አላየውም" አሉ። "ልጄ ይሞላዋል።" ልጅየው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እነሱ ሲሄዱ ጋሽ ኑሩን፣ "እግሩ ውስጥ አመድ መኖሩን መቼ አወቁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያጠብሽው ዕለት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ አመዱን ከላይ ነስንሰሽ ትሰጫቸው ነበር። የቀረውን አትነግሪያቸውም ነበር።"

በዚያች ሰዓት እንኳ ትክክል ናቸው ብዬ ነበር። ቁጣዬ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሊንዳ "ሥራ ቀዝቅዟል" ብላ ስታሰናብተኝ ነው። ኢንሹራንሱ በወሩ መጨረሻ ተቋረጠ። ለዲያሊሲሱ መርፌ መግቢያ እንዲሆን በግርማ ክንድ ላይ የተያዘው ኦፕራሲዮን ሌላ ኢንሹራንስ እስኪገኝ ሁለት ወር ዘገየ። ጓዜን ልወስድ ስመለስ ጠረጴዛቸው ፊት ቆምኩ። "አመዱን ቀድመው ቢያሳዩኝ ኖሮ እኔ ራሴ ለሊንዳ አሳይቼ ነገሩ ያልቅ ነበር። ዛሬም ሥራዬ ላይ ነበርኩ" አልኳቸው።

"አዎ" አሉ። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዲያሊሲሱ ቦታ ዘሃራን ይዘው መጡ። ዘሃራ ያኔ ኮሌጅ ነበረች፤ የአዲሱን ኢንሹራንስ ፎርም ሁሉ እሷ ሞላችው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ኑሩ በየማክሰኞው ከግርማ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ በጾምና በረመዳን ይቀላለዳሉ። እሳቸው ሲገቡ እኔ እወጣለሁ።

"የት ትሄጃለሽ?" ይለኛል ግርማ።

"ሥራ አለኝ።"

"ሥራማ የለሽም" ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ የአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘሁ። ግርማ ሁለት ዓመት ቆይቶ በልቡ ምክንያት ሞተ። ሐኪሞቹ ያ የሁለት ወር መዘግየት ጎዳው አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ጋሽ ኑሩ ለቅሶ ላይ እስከ አርባው በየቀኑ መጡ። ውሃ አቀርብላቸዋለሁ፣ ወንበር እስብላቸዋለሁ፣ አብሬያቸው ግን አልቀመጥም።

ዘንድሮ ሆስፒታል ገቡ ሲሉኝ ሄድኩ። ከስተዋል፤ መነጽሩ አንገታቸው ላይ የለም። ብዙ አላስጠበቁኝም። "አፉ በይኝ፣ አስቴር" አሉ።

"ምን አጠፉና፣ ጋሽ ኑሩ?"

"እንደሱ አይደለም። በደል ካለ አለ በዪ፤ ከሌለ የለም በዪ። በይሉኝታ አትስጪኝ። በባልሽ ጤና ነው የቆመርኩት፤ አመዱን ላሳይሽ ይገባኝ ነበር። ትናገሪያለሽ ወይስ አትናገሪም ብዬ ቆሜ ማየት ለኔ አልተፈቀደም ነበር።"

ይህን ከአፋቸው ለመስማት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስሰማው ግን የምሰጠው አጣሁ። "ሲሻልዎት እንነጋገራለን" ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካክዬላቸው ወጣሁ። በዐሥረኛው ቀን ሞቱ።

ከለቅሶው ሦስት ሳምንት ቆይቼ ዘሃራ ጋ ሄድኩ። ልጆቿን አስተኝታ ነበር፤ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። "የራሴን አፉ ብያለሁ" አልኳት። "ሥራዬንም፣ እልኬንም። የግርማን ግን እኔ ልሰጥ አልችልም። የተጎዳው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም።"

"ኖ፣ እትዬ አስቴር" አለች። "ጋሽ ግርማን አባዬ ጠይቆታል። የመጀመሪያው ማክሰኞ። እኔ እዛው ፎርም እየሞላሁ ነበር።"

"ምን ብሎ?"

"ሁሉንም ነገረው። አመዱን አውቆ እንደደበቀ፣ ኢንሹራንሱ በሱ ምክንያት እንደሄደ። አፉ በለኝ አለው።"

"ግርማስ?"

"ሳቀ። 'አስቴር አንድ ቀን አለቃዋ ፊት ቆማ ተናገረች፤ ያንን ያዩት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አላየሁም፤ የምቆጨው በዚህ ነው' አለው። ከዛ አፉ ብያለሁ አለ። ጮክ ብሎ፣ ነርሷ ሁሉ ዞራ አየችው።" ዘሃራ የሻይ ጽዋዋን አዞረች። "ላንቺ እንዳንነግርሽ ግን አስማለን። 'የሷን እሷ ታምጣው፤ በኔ ተገፍታ አትስጥ' አለ። ለዛ ነው ያልነገርንሽ። ሶሪ።"

ግርማ ይህን ይዞ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። እኔ በሱ ስም ቂም ስይዝለት እሱ እያየኝ ነበር። ከክፍሉ ተነሥቼ ስወጣ "የት ትሄጃለሽ?" ይለኝ የነበረው አውቆ ነው። ዘሃራ ሻይ ጨመረችልኝ፤ አልቸኮለችብኝም።

"አፉ ብያለሁ" አልኳት በመጨረሻ። "ሙሉውን።"

ዘሃራ ወዲያው አላመሰገነችኝም። ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። "አባዬ 'ከመጣች ዝም ብለሽ እንዳትቀበያት፣ ጠይቂያት' ብሎኛል" አለች። "ከልብሽ ነው?"

እንደ ደንቡማ "እንዴታ" ይባላል። እኔ ግን ትንሽ አሰብኩ። ሆዴን ፈተሽኩት።

"ነው" አልኳት። ነበርም።